«እዛ እኮ ታክስ የለም» ከማለታችን በፊት፦ ዳላስ፣ ሲያትል፣ ዲሲና ሜሪላንድ በየገቢው ሲመዘኑ

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ክርስትና ይሁን ልደት፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሳይቀር፣ አንዱ ተነስቶ «ቴክሳስ እኮ ታክስ የለም» ሳይል የተበተነ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዛ የቤት ዋጋ ይነሳል፣ ከዛ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የገዛ ጓደኛው ቤት ፎቶ በስልክ ይዞራል፣ ባለ 4 መኝታ ምናምን፣ ከዛ ሚስትየው ዝም ትላለች፣ ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ደሞ ባለትዳር ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ሁለት አመት ሙሉ ልሂድ ልቅር ስል ከርሜ በመጨረሻ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ ብዬ ሰራሁት። ያገኘሁት መልስ «ታክስ አለ» ወይ «ታክስ የለም» የሚል አይደለም፣ ማን ላይ ነው የሚከብደው የሚል ነው። አንዱ ስቴት ለአንዱ እፎይታ ለሌላው ደሞ ከነበረበት የባሰ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ሰዎች እኮ አንድ ህንጻ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ሆነው።

ቁጥሮቹ በ2025 ገቢ ላይ የተሰሩ ናቸው፣ አመቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው። ሳንቲም ሳንቲሙን ትቼ ጠጋ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ ለራስህ ስትሰራ ታክስ የሚሰራልህ ሰው ያስተካክልልህ።

እድር፣ አስራት ወይስ እንደ አቅሙ

«ሁሉም ድርሻውን ይክፈል» ሲባል ሁሉም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ግን ሁሉም የሚያስበው የተለያየ ነገር ነው። እኛ ጋ ሶስቱም አይነት ድርሻ አለ። እድር ላይ ሃብታሙም ደሃውም ወር በወር እኩል ያወጣል፣ ማንም ቅር አይለውም፣ ምክንያቱም ድንኳኑም ወንበሩም ለሁሉም አንድ ነው። አስራት ከአስር አንድ ነው፣ 1,000 ያገኘ 100 ይሰጣል፣ 100,000 ያገኘ 10,000 ይሰጣል፣ ፐርሰንቱ እኩል ሆኖ ገንዘቡ ይለያያል። ሶስተኛው ሰው ሲታመም ወይ አስከሬን አገር ቤት ሲላክ የምናዋጣው ነው፣ «እንደ አቅሙ» ተብሎ ወረቀቱ ሲዞር ማደያ ያለው ሰውዬ 500 ካልጻፈ ይታማል፣ ከመጣ ሶስት ወር ያልሞላው ልጅ ደሞ 20 ዶላር ሲያወጣ «አንተን ደሞ ማን ጠየቀህ» ተብሎ ይመለስለታል። ሶስቱንም ፍትሃዊ ናቸው ብለን እንኖራለን፣ አንዱን በሌላው ቦታ ስናደርገው ግን ጸብ ይነሳል፣ እስቲ አስከሬን ለመላክ ሁሉም እኩል 300 ዶላር ያምጣ በል።

የአሜሪካ ታክስ ሶስቱን አንድ ላይ ደባልቆ ነው የሚያስከፍልህ። የፌደራል ኢንካም ታክስ እንደ አቅሙ ነው። ኮሎራዶና ጆርጂያ የስቴት ታክሳቸው እንደ አስራት አንድ ፐርሰንት ነው፣ ኮሎራዶ ወደ 4.4 ጆርጂያ 5.19። የመንጃ ፈቃድ ማሳደሻ ምናምን እድር ነው፣ ዶክተሩም ፓርኪንግ ሰራተኛውም እኩል ይከፍላል። አራተኛው አይነት ነው ሰው የማያስተውለው፣ ሴልስ ታክስ። አስራት ይመስላል ግን አስራቱ ከምታገኘው ላይ አይደለም ከምታወጣው ላይ ነው። ያገኘውን በሙሉ ወር ሳይሞላ የሚጨርሰው ሰው ያገኘው ሁሉ ታክሱ ደጃፍ ላይ ይደርሳል፣ ከ500,000 ላይ 300,000ውን ስቶክ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሰው ደሞ ያ 300,000 ካሸር ጋ አይደርስም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፣ እውነት ነው፣ ግን አንዱ ሎሚ ሲይዝ ሌላው ሃብሃብ ተሸክሞ ከሆነ ማየቱ አይከፋም።

የፌደራሉ፣ የትም ብትሄድ አብሮህ የሚሄደው

ይሄ ስቴት ለመምረጥ አይጠቅምህም፣ የትም አንድ ነው፣ ግን ክርክሩ ሁሌ እዚህ ስለሚበላሽ ልንገርህ። አንዱ ይነሳና «ከላይ ያሉት 1 በመቶዎቹ እኮ የፌደራል ኢንካም ታክሱን 40 በመቶ ነው የሚከፍሉት፣ ከታች ያለው ግማሽ ህዝብ 3 በመቶ ብቻ» ይላል። ልክ ነው፣ የ2022 የአይአርኤስ (የፌደራሉ ታክስ ሰብሳቢ) ቁጥር በግምት እንደዛ ነው፣ እነዛ 1 በመቶዎች ከጠቅላላው ገቢ ወደ 22 በመቶ ነው የያዙት። ሌላው ይነሳና ቢሊየነሩን ዋረን በፌትን ይጠራል፣ ሰውዬው በ2011 ከታክሰብል ኢንካሜ (ተቀናናሹ ወጥቶ ታክስ ከሚሰላበት ገቢዬ) ላይ 17.4 በመቶ ብቻ ነው የከፈልኩት፣ ቢሮዬ ካሉት 20 ሰዎች ከሁሉም ያነሰ ብሎ ጽፏል። እሱም ልክ ነው። አንደኛው የሚያወራው ስለ ድስቱ ነው፣ ከድስቱ ውስጥ የማን ስንት አለበት። ሁለተኛው የሚያወራው ስለ ኪሱ ነው፣ ከኪስህ ስንት እጅ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ ቢከራከሩ አይገናኙም፣ ደሞ የመጀመሪያው ስለ ኢንካም ታክስ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ቼክህ ላይ ያለውን ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (የጡረታና የአዛውንት ህክምና መዋጮ) አልቆጠረም።

እና እሱን እንቁጠረው። ላጤ የሆነ ሰው፣ ደብሊው ቱ (ተቀጥሮ ደመወዝ የሚያገኝ)፣ በአመት 50,000። ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ለሁሉም ከታክስ ነጻ የሚደረገው የገቢ መጠን) 15,750 ሲቀነስ የፌደራል ኢንካም ታክሱ ወደ 3,870 ነው። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬሩ ደሞ 7.65 በመቶ፣ 3,825። አየህ፣ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! ሰው ግን ሁሌ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ድምር ወደ 7,700።

አሁን ያው 50,000 በኡበር ተሰርቶ ከሆነ፣ ማይሉና ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የተጣራ 50,000 ማለቴ ነው፣ አሰሪ ስለሌለህ የራስህንም አሰሪ የሚከፍለውንም እጅ ራስህ ትከፍላለህ፣ ሰልፍ ኢምፕሎይመንቱ ብቻውን ወደ 7,060፣ ከኢንካም ታክሱ ጋር ወደ 9,800 ይደርሳል። ያው 50,000 ደሞ አንድ ሰው ከአመት በላይ ያቆየውን ስቶክ ሽጦ ያገኘው ትርፍ ከሆነና ሌላ ገቢ ከሌለው፣ ዜሮ። ዜሮ ነው ያልኩት፣ የሎንግ ተርም ትርፍ እስከ 48,350 ታክሰብል ድረስ 0 በመቶ ስለሆነ፣ ሶሻል ሴኩሪቲውም አይነካውም። እኔ ይሄን ስሰራ ተሳስቼ መስሎኝ ሶስት ጊዜ ነው የደገምኩት። ስለዚ «በየገቢው» ስንል ስንት አገኘህ ብቻ አይደለም፣ በምን አገኘኸው የሚለውም አለ፣ መሪ ጨብጠህ ወይስ ተኝተህ።

ሶሻል ሴኩሪቲው ደሞ ጣሪያ አለው፣ በ2025 ከ176,100 በላይ ያለው ገቢ ላይ አይቆረጥም። 50,000 ያለው 6.2 በመቶ ሲከፍል 500,000 ደመወዝ ያለው ሲሰላ 2.2 በመቶ ገደማ ነው የሚደርስበት። ለፍትህ ያህል ግን፣ የዛ ሰውዬ የፌደራሉ ሁሉ ሲደመር ወደ 32 በመቶ ይሄዳል፣ የባለ 50,000ው 15.4 ነው፣ ስለዚ ደመወዝተኛ ሃብታም አይከፍልም የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ «ኦቨርታይም ከሰራሁ ወደ 22 በመቶ ብራኬት (የታክስ ደረጃ) ስለምገባ ሙሉው ደመወዜ ይቆረጣል» ብለው ሺፍት የሚመልሱ እህቶች አውቃለሁ። እንደዛ አይደለም። 22ቱ የሚነካው ከ48,475 ታክሰብል በላይ ያለችውን ትርፍ ብቻ ነው፣ ከሱ በታች ያለው በ10ና በ12 እንዳለ ነው። ደሞ ከ2025 እስከ 2028 የኦቨርታይሟ ተጨማሪ ግማሽ እስከ 12,500 ድረስ ኢንካም ታክስ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ትቀነሳለች። ሺፍቱን ውሰጂው። (አገር ቤት 35 በመቶው በወር ከ14,000 ብር ጀምሮ እንደሚቆረጥ ያየ ሰው ይሄ ፍርሃት ቢይዘው አልፈርድበትም፣ እዚህ ላጤ ሰው 35 የሚደርስበት በአመት ከ250,525 ዶላር በኋላ ነው።)

ስቴቶቹ

አሁን ወደ ምርጫው። ያው ላጤ፣ ያው ደብሊው ቱ 50,000። የስቴት ኢንካም ታክሱ ቨርጂኒያ ወደ 2,060፣ ዲሲ ወደ 1,900፣ ሚኒሶታ ወደ 1,900፣ ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ 3,400 ገደማ ምክንያቱም ካውንቲው በላዩ 3.2 በመቶ ይጨምራል፣ ቴክሳስ ዜሮ፣ ዋሽንግተን ስቴት (ሲያትል ያለችበት) ዜሮ፣ ኔቫዳ ዜሮ። እዚህ ላይ ካቆምክ ቴክሳስ አሸነፈ፣ ሻንጣህን አስር።

አሁን ባለ 500,000ውን አምጣው። ቨርጂኒያ 28,000 አካባቢ፣ ዲሲ 41,000 አካባቢ፣ ቴክሳስና ዋሽንግተን ዜሮ። ከዲሲ ወደ ሲያትል ሲሄድ አንተ 1,900 ስታተርፍ እሱ 41,000 አተረፈ፣ ከገቢህ አንጻር አንተ 3.8 በመቶ እሱ ከ8 በመቶ በላይ። ቨርጂኒያ ላይ ደሞ የሚገርመው፣ ትልቁ ሬት 5.75 የሚጀምረው ከ17,000 ዶላር ነው፣ ማለትም በስሙ ደረጃ ደረጃ አለው እንጂ ዲሽ የሚያጥበውም ሰርጀኑም አንድ ደረጃ ላይ ነው የሚገናኙት።

ግን ያ ዜሮ ያደረገው ስቴት መንገዱን በምን ይሰራል፣ አስተማሪውን በምን ይከፍላል? ከሌላ ኪስ ነው። ሲያትል ሴልስ ታክሱ ከ10 በመቶ በላይ ነው፣ ዳላስ 8.25፣ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ 6 ናቸው። እንበል ባለ 50,000ው በአመት 15,000 የሚሆን ታክስ ያለበት እቃ ይገዛል፣ ስልክ፣ ጎማ፣ ልብስ፣ ፈርኒቸር፣ ሲያትል ላይ 1,550 ገደማ ይከፍላል፣ ቨርጂኒያ 900። ከተረፈው 2,060 ላይ 650ው ተመልሶ ሄደ። ባለ 500,000ው 60,000 ቢያወጣ ልዩነቱ 2,600 ነው፣ ከ28,000 ላይ ምንም አይሰማውም።

በነገራችን ላይ ጤፍና በርበሬ ላይ ሴልስ ታክስ የለም፣ ግሮሰሪ በነዚህ ስቴቶች አብዛኛው ነጻ ነው፣ ቨርጂኒያ ብቻ 1 በመቶ ትወስዳለች። ዲሲ ሬስቶራንት ተቀምጠህ ስትበላ ግን 10 በመቶ ነው። ስለዚ ስጋውን ገዝቶ ቤት የሚቆርጥና ተቀምጦ ቁርጥ የሚያዝ ሰው የታክስ ፖሊሲያቸው ለየብቻ ነው።

ነዳጅ ለሾፌር ወሳኝ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ከሃምሌ 2025 ጀምሮ የስቴቱ ታክስ በጋሎን 55.4 ሳንቲም ነው፣ ቴክሳስ 20 ሳንቲም። በፕሪየስ በአመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሰው 800 ጋሎን ቢቀዳ ሲያትል 443 ዳላስ 160 መሆኑ ነው። ትንሽ ትመስላለች ግን ኢንካም ታክስ በሌለበት ስቴት እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚሞላው።

አይቴፕ የሚባል የታክስ ጥናት ተቋም በጥር 2024 የሁሉንም ስቴት አንድ ላይ ደምሮ አውጥቶ ነበር፣ ሴልስም ፕሮፐርቲም (የቤት ታክስ) ኢንካምም ነዳጅም። ግራ ዘመም ናቸው የሚሏቸው አሉ፣ ቢሆንም የኔን ስሌት የሚመስል ነገር ነው ያገኙት። በአገር ደረጃ ከታች ያለው አንድ አምስተኛ ህዝብ ከገቢው 11.4 በመቶ ለስቴትና ለከተማ ይከፍላል፣ ከላይ ያለው 1 በመቶ 7.2። ቴክሳስ 12.8 ለታችኛው 4.6 ለላይኛው። ዋሽንግተን ስቴት 13.8 እና 4.1። ሚኒሶታ ተገልብጦ 6.2 ለታችኛው 10.5 ለላይኛው፣ ዲሲ ደሞ 4.8 ለታችኛው 11.4 ለላይኛው፣ ከሁሉም አንደኛ። ማለትም «ታክስ የለም» የሚባሉት ሁለቱ ናቸው ከደሃው ገቢ ላይ ብዙ የሚወስዱት፣ «ታክስ ይገላል» የሚባለው ዲሲ ነው ትንሹን የሚወስደው። ተከራይ ነኝ ፕሮፐርቲ ታክስ አይነካኝም የሚልም ይኖራል፣ ባለቤቱ ከየት ያመጣዋል ብለህ ነው፣ ሬንትህ ውስጥ ነው።

ዋሽንግተን ስቴት ዝም ብላ የተቀመጠች እንዳይመስልህ። በ1932 ህዝቡ ኢንካም ታክስ በድምጽ አጽድቆ ፍርድ ቤቱ በ1933 ጣለው፣ ከዛ ወዲህ ሲሟገቱ ኖረው ከ2022 ጀምሮ ትልልቅ የስቶክ ትርፍ ላይ 7 በመቶ ጣሉ፣ በህዳር 2024 ይሰረዝ ተብሎ ለድምጽ ሲቀርብ ህዝቡ እንቢ አለ። ቴክሳስ በተቃራኒው በ2019 ኢንካም ታክስ እንዳይጣል ህገ መንግስቱ ላይ ዘጋችው። ሁለቱም «ታክስ የለም» ተብለው በአንድ አፍ ይጠራሉ፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

እና አንተ የቱ ነህ

35,000 አካባቢ የሚያገኙ ባልና ሚስት ሁለት ልጅ ያላቸው ከሆናችሁ፣ ስለ ታክስ ብላችሁ ቴክሳስ አትሂዱ። ለሌላ ነገር ሂዱ፣ ለዘመድ፣ ለስራ፣ ለአየሩ፣ ስለ ታክስ ግን አይሆንም። በዚህ ገቢ የፌደራሉ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሰራተኛ ታክስ ሲያስገባ የሚሰጠው) ወደ 6,200 ነው የሚመለስላችሁ፣ ይሄ የትም ይመጣል። ሜሪላንድ በላዩ የሱን 45 በመቶ ትጨምራለች፣ 2,800 ገደማ፣ ዲሲ በ2022 ወደ 70 በመቶ ከፍ ስላደረገው ከ4,300 አያንስም፣ ሚኒሶታ በልጅ 1,750 ስለምትሰጥ ለሁለቱ 3,500። ዋሽንግተን ስቴት ለሁለት ልጅ 1,000 የማይሞላ ነገር አላት፣ ኢንካም ታክስ ፋይል ስለሌለ ለብቻው ማመልከት አለባችሁ፣ ስንቱ ሃበሻ ሳያውቀው ትቶት እንደሚያልፍ ሳስብ ያናድደኛል። ቴክሳስ ምንም። ስለዚ «ታክስ የማያስከፍለው» ስቴት ለዚህ ቤተሰብ ከሜሪላንድ ይልቅ ውድ ይሆንበታል። በላዩ ደሞ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የመንግስት የጤና ሽፋን) አለ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ለአዋቂዎች አስፍተውታል ቴክሳስ አላሰፋችም፣ በዚህ ገቢ እዚህ ወላጆቹም ሊሸፈኑ ይችላሉ፣ እዛ ልጆቹ ይሸፈኑና ወላጆቹ ማርኬትፕሌስ (የጤና ኢንሹራንስ የሚገዛበት) ይገባሉ። እቁብ ላይ የምትጥለውን ብቻ ሳይሆን የሚወጣልህንም ነው የምትቆጥረው አይደል፣ እዚህም እንደዛው።

ላጤ ሆነህ 50ና 60 ሺ ውስጥ ከሆንክ ስቴቱ ለውጥ ያመጣልሃል ግን የሚወራውን ያህል አይደለም። ከቨርጂኒያ ወደ ሲያትል ብትሄድ በአመት 1,400 ምናምን ነው የሚተርፍህ፣ ሬንቱ ነው ዋናው፣ ሬንት በወር 400 ካነሰልህ የታክሱን ሶስት እጥፍ አተረፍክ። ቨርጂኒያ ላይ ያለህ ሰው ደሞ የመኪናውን ታክስ አትርሳው። በ1997 ጂም ጊልሞር «ኖ ካር ታክስ» ብሎ ገዢ ሆኖ ተመርጦ ነበር፣ ታክሱ ግን ይሄው እስካሁን አለ፣ በየአመቱ መኪናህ ተተምኖ ቢል ይመጣል፣ ፌርፋክስ ላይ በ100 ዶላር ከ4 ዶላር በላይ ነው፣ ስቴቱ ከፊሉን ቢሸፍንም። አዲስ ሲየና ገዝቶ የሚነዳ ሾፌር ይሄን ሳይቆጥር ቨርጂኒያ ከሜሪላንድ ይረክሳል ማለት የለበትም፣ እኔ ሳልቆጥር ብዬው አውቃለሁና።

ባልና ሚስት ሁለታችሁም ነርስ ሆናችሁ 200,000 አካባቢ ከሆናችሁ፣ እዚህ ነው ወሬው እውነት የሚሆነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ወደ 15,000 በአመት ለስቴትና ለካውንቲ ትከፍላላችሁ፣ ቨርጂኒያ 10,000 ገደማ፣ ቴክሳስ ዜሮ። ሴልስ ታክሱ ቢበልጥ እንኳን ይሄን አያካክሰውም። ያ «ቴክሳስ ታክስ የለም» እያለ ክርስትና ላይ የሚያወራው ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ምድብ ውስጥ ያለ ነው፣ ለራሱ ልክ ነው፣ ጥፋቱ ለሁሉም መስበኩ ነው። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት ደመወዙን ጠይቁ፣ በሰአት 6 ዶላር ካነሰባችሁ ለሁለት ሰው 25,000 ነው በአመት፣ ታክሱን አስረስቶ ያልፋል።

ቤት ለመግዛት ከሆነ የምትሄደው ደሞ ጋርላንድ ላይ 350,000 የሆነ ቤት ፕሮፐርቲ ታክሱ በግምት 2 በመቶ ያህል ነው፣ 7,000። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ላይ 1 በመቶ ከምናምን ስለሆነ 650,000 የሆነ ቤት ወደዛው ይጠጋል። ቤቱ በግማሽ ቀንሶ ታክሱ እኩል መሆኑ ነው። ቴክሳስ ላይ ሆምስቴድ (ራስህ የምትኖርበት ቤት መሆኑን) ካስመዘገብክ ለትምህርት ቤት የሚከፈለው ላይ 140,000 ዶላር የቤቱ ዋጋ ይነሳልሃል፣ ጥሩ ቅናሽ ነው፣ ግን ራስህ ካላመለከትክ ማንም አይሰጥህም። ጓደኛዬ አዲስ ቤት ገዝቶ የመጀመሪያው አመት ኤስክሮው (አበዳሪው ለታክስና ለኢንሹራንስ በየወሩ የሚሰበስበው) የተሰላው በባዶው መሬት ነበር፣ በሁለተኛው አመት ቤቱ ሲተመን ወርሃዊ ክፍያው በአንዴ በብዙ መቶ ዶላር ዘለለ፣ አበዳሪው አንድ ቃል አላስጠነቀቀውም። ደውሎልኝ «ይሄ ታክስ የለም ያላችሁኝ አገር ነው?» አለኝ። እኔ መች አልኩህ።

የራሱ ንግድ ወይ ብዙ ስቶክ ያለው ሰው የኔን ጽሁፍ አይፈልግም፣ አካውንታንት አለው።

አንድ ደሞ ስቴት የማይለይ አለ። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በካሽ ወይ በመኒ ኦርደር ውጭ አገር ገንዘብ ስትልክ 1 በመቶ የፌደራል ታክስ አለ። ከባንክ አካውንትህ ወይ በዴቢት ካርድ ከላክ የለም። አስተውል ማን ላይ እንደሚያርፍ፣ አካውንት ያለው አይነካውም፣ ካሽ ይዞ ሃዋላ ቤት የሚሰለፈው ነው የሚከፍለው፣ እናቱ ጋ 300 ዶላር ሲልክ 3 ዶላር። 3 ዶላር ምን አላት ይባል ይሆናል፣ ግን እሱ አስራት እንኳን አይደለም፣ አካውንት ባለማውጣት የሚከፈል ነገር ነው። ስለዚ አካውንት የሌላቸውን ዘመዶችህን ቅዳሜ ይዘሃቸው ሂድና አስከፍትላቸው።

እኔ የትኛውን ነው ፍትሃዊ የምለው

እኔ ኪሱን ነው የማየው፣ ሁሉም ታክስ ተደምሮ ከኪስህ ስንት እጅ ወጣ። በዛ ከሄድን ዲሲና ሚኒሶታ ለቅሶ ላይ እንደምናዋጣው ናቸው፣ ቴክሳስና ዋሽንግተን ደሞ አስከሬን ለመላክ ወረቀቱን ይዘው አዲስ ወደ መጣው ልጅ ቀድመው የሚሄዱ ይመስሉኛል። ማደያ ያለው ወዳጄ በዚህ አይስማማም፣ በሳምንት 80 ሰአት ነው የምሰራው፣ ብዙ ስለሰራሁ ለምን ፐርሰንቱ ይጨምርብኛል ይላል፣ እውነቱን ለመናገር ለሱ የምመልሰው ጥሩ መልስ የለኝም፣ ምክንያቱም እሱ በላቡ ነው የሚያገኘው። እኔን የሚያበሳጨኝ ያ 50,000 ስቶክ ላይ ዜሮ የከፈለው ነው፣ እሱንም አበሳጭቶታል፣ እዛ ላይ ተስማምተን ቡናችንን ጠጣን።

የኛ ቤት እንዲህ ነው። እኔ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ትሰራለች፣ ሁለት ልጅ፣ በደህና አመት 78,000 አካባቢ። ዳላስ ብንሆን ሴልስ ታክሱ ተቆጥሮ 4,000 ገደማ ይተርፈን ነበር፣ ቀላል ብር አይደለም። ግን እዚህ በአንድ መኪና ነው የምንኖረው፣ እሷ በሜትሮ ትሄዳለች፣ እዛ ሁለተኛ መኪና ከነኢንሹራንሱ ሲመጣ 4,000ው ከየት እንደወጣ ሳይታወቅ ያልቃል። ስለዚ ለጊዜው ቀርተናል። እሷ በግንቦት ኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ ፈተና) ትፈተናለች፣ ካለፈች ወረቀቱን ከመጀመሪያው እንደገና እሰራዋለሁ፣ ያኔ ምድባችን ስለሚቀየር ምናልባት ሌላ መልስ ይወጣል። ጓደኛዬ ግን ይሄን እስክጽፍ ድረስ ሆምስቴዱን አላስገባም፣ ሶስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።